ከእሳት የመጣ፣ ከውሃ የመጣ፦ ሁለት ድንጋዮች በፍሌሚንግደን ፓርክ

ፍሌሚንግደን ፓርክ በቶሮንቶ ከተማ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠ ሰፈር ነው። በምዕራብ በኩል ምዕራብ ዶን፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ምሥራቅ ዶን ይፈስሳል። ሁለቱ ከሰፈሩ በስተደቡብ ተገናኝተው አንድ ዶን ወንዝ ይሆናሉ፤ ከዚያም ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ ይገባሉ። እኛ የምንኖረው ከሰፈሩ ፎቆች በአንዱ ነው። በአንደኛው መስኮት አስፋልትና መኪና ይታያል፤ በሌላኛው ዛፍ የሞላበት ሸለቆ።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሮበርት ጆን ፍሌሚንግ ነው። እኚህ ሰው በ1890ዎቹ የቶሮንቶ ከንቲባ ነበሩ፤ በዚህም ቦታ እርሻ ነበራቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእርሻው ፋንታ ፎቆች መሠራት ጀመሩ። ዛሬ ከብዙ አገር የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። በአንድ ሊፍት ውስጥ አራት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም፤ አማርኛም ከእነሱ አንዱ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ድንጋዮቹ ነው። ከፎቆቹም ከእርሻውም በፊት እዚህ የነበሩት እነሱ ናቸው።

የቤት ሥራው

ልጄ ያን ጊዜ 4ኛ ክፍል ነበረች። በኦንታሪዮ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በሳይንስ ትምህርት ስለ ድንጋይና ስለ ማዕድን ይማራሉ። በግንቦት ወር አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አንድ ኢግኒየስ ድንጋይና አንድ ሰዲመንታሪ ድንጋይ ፈልጋ በምን እንደሚመሳሰሉ፣ በምን እንደሚለያዩ መጻፍ አለባት።

ድሮ ቢሆን የሰፈራችን ልጆች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማቸው የሚሄዱበት ቅርብ ቦታ ነበራቸው። የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል እዚሁ ዶን ሚልስ መንገድ ላይ ነበር። ሕንፃውን የነደፉት ሬይመንድ ሞሪያማ የተባሉ አርክቴክት ናቸው። በ1969 ተከፈተ፤ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ሸለቆው ታች ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በሰኔ 2024 ግን የጣሪያው ሁኔታ ያሰጋል ተብሎ ተዘጋ። ሸለቆው ግን አልተዘጋም። ለድንጋይ ደግሞ ከሸለቆ የተሻለ ቦታ የለም።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከደጀን መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ደጀን በጎጃም፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ‹አፋፍ› ማለት የገደል ጫፍ ነው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ንግግራቸው ግን ‹ብዪ›፣ ‹ጠጪ›፣ ‹እሺ› ላይ ያበቃል። እናቴ ወደ አገሯ ልትመለስ የቀራት ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሊለያዩ ነው ብዬ እሰጋ ነበር።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ። የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከመጻፉ በፊት ግን ለአያት በአማርኛ ይነገራል።

ሁለት ቃላት

መጀመሪያ ስሞቹን መፈለግ ነበረብን። ኢግኒየስ የሚባለው በአማርኛ ‹ቅልጥ አለት› ነው። ‹አለት› ማለት ጠንካራና ትልቅ ድንጋይ ነው። ‹ቅልጥ› የመጣው ‹ቀለጠ› ከሚለው ግስ ነው፤ ቅቤ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ይቀልጣል። ቅልጥ አለት በምድር ውስጥ በኃይለኛ ሙቀት ቀልጦ የነበረ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ የጠነከረ ድንጋይ ነው።

ሰዲመንታሪ የሚባለው ደግሞ ‹ደለል አለት› ነው። ደለል ማለት ወንዝ ተሸክሞ አምጥቶ የሚተወው ጭቃና አሸዋ ነው። ደለሉ በሐይቅ ወይም በባሕር ወለል ላይ ይከማቻል። በላዩ ሌላ ደለል ይጨመራል። ከብዙ ዘመን በኋላ የላይኛው የታችኛውን ተጭኖ ያጠብቀዋል፤ በውሃው ውስጥ ያሉ ማዕድናትም እንደ ሙጫ ያጣብቁታል። ያን ጊዜ ጭቃው ድንጋይ ይሆናል።

ልጄ ይህን ለአያቷ ለመንገር ሞከረች። ‹ወንዝ... ጭቃ... ታች...› አለችና ቃል አጠራት። እናቴ ቀበል አድርጋ፣ ‹ይዘቅጣል በያ! የጠላ አተላ ማለት ነው› አለቻት። ጠላ በጋን ውስጥ ሲሰነብት ወፍራሙ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀጭኑ ከላይ ይቀራል። ወደ ታች መውረዱ ‹መዝቀጥ› ይባላል፤ ታች የሚቀረው ‹አተላ› ነው። ልጄ ጠላ አታውቅም። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ግን ስኒዋን አንሥታ ከታች የቀረውን አየች። ‹አተላ› አለች።

ገብስማው ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን ወደ ኢ. ቲ. ሲተን ፓርክ ወረድን። ፓርኩ በምዕራብ ዶን ወንዝ ዳር የተዘረጋ ነው። ስያሜው ኧርነስት ቶምፕሰን ሲተን ለተባሉት የተፈጥሮ ተመራማሪና ደራሲ መታሰቢያ ነው። በሣሩ ጠርዝ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ክብ ድንጋይ አገኘን።

ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን አንድ ቀለም አይደለም። ሮዝ አለው፤ ነጭ አለው፤ እንደ መስታወት ብልጭ የሚል አለው፤ ጥቁር ነጠብጣብም አለው። እናቴ እጇን አሳርፋበት፣ ‹ይሄስ ገብስማ ነው› አለች። ገብስማ ማለት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቀለም ነው፤ ለዶሮ ላባና ለሽበት ይነገራል። ልጄ ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ድንጋዩ ግራናይት ነው። ግራናይት የቅልጥ አለት ዓይነት ነው። ሮዙና ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ነው። መስታወት የሚመስለው ኳርትዝ ነው። ከጥቁሮቹ መካከል የሚያብረቀርቀው ማይካ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ክሪስታል ይባላሉ። በሙጫ የተጣበቁ አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ የተቆላለፉ ናቸው። ምክንያቱም ሁሉም ያደጉት በአንድ የቀለጠ ነገር ውስጥ ነው።

ክሪስታሎቹ ትልልቅ የሆኑበትም ምክንያት አለ። በምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ማግማ ይባላል። ማግማው በጥልቅ ቦታ ሲቀር ዙሪያውን ድንጋይ ስለሚከብበው በጣም ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ። ወደ ምድር ላይ ከወጣ ግን ስሙ ላቫ ይሆናል፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ክሪስታሎቹም በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ይሆናሉ። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በጣም ፈጥኖ ከቀዘቀዘ ደግሞ ክሪስታል ሳይሠራ እንደ መስታወት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ግራናይት ግን የፍሌሚንግደን ፓርክ ተወላጅ አይደለም። በቶሮንቶ መሬት ሥር ያለው የላይኛው አለት ሌላ ዓይነት ነው። ግራናይቱ የመጣው ከሰሜን፣ የካናዳ ጋሻ ከሚባለው ሰፊ የድንጋይ ምድር ነው። እዚያ ያሉት አለቶች ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ያመጣው በረዶ ነው። በበረዶ ዘመን ይህን አገር በሙሉ እጅግ ወፍራም የበረዶ ግግር ሸፍኖት ነበር። ግግሩ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን አለት እየሰበረ ይሸከም ነበር። ከ12 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በረዶው ከዚህ አካባቢ ቀልጦ አለቀ፤ የተሸከመውንም ባለበት ጥሎት ሄደ። ድንጋዩ ክብ የሆነው በመንገድ ላይ ስለተፋተገ ነው።

እናቴ ይህን ስተረጉምላት ድንጋዩን መታ መታ አደረገችው። ‹ታዲያ እሱም እንግዳ ነዋ› አለች።

ጠፍጣፋው ድንጋይ

ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ሄድን። በጠጠሩ መካከል ጠፍጣፋና ግራጫ ስባሪዎች ሞልተዋል። ልጄ አንዱን አንሥታ በጣቶቿ ስትጫነው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተሰነጠቀ። በውሃ ስታርሰው ጭቃ ጭቃ ሸተተ። በዓይን የሚታይ ክሪስታል የለውም፤ ያለው ንብር ብቻ ነው። ንብር ማለት አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ስስ ነገር ነው።

ይህ ድንጋይ ሼል ይባላል። ከጭቃ የተሠራ ደለል አለት ነው። የቶሮንቶ ተወላጅ አለት እሱ ነው። ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ ቦታ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ሥር ነበር። የምድር አህጉሮች ስለሚንቀሳቀሱ ያን ጊዜ ይህ መሬት የነበረው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ነው። በየብስ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ባሕሩ ውስጥ ግን ቅርፊት ያላቸው ትናንሽ እንስሳት ሞልተው ነበር። ሲሞቱ በጭቃው ተቀበሩ። ዛሬ በሼሉና በመካከሉ ባሉት ስስ የኖራ ድንጋይ ንብሮች ውስጥ ቅርጻቸው ይገኛል። እንዲህ ያለው በድንጋይ ውስጥ የቀረ ቅርጽ ቅሪተ አካል ይባላል።

ሼሉን በደንብ ማየት ለሚፈልግ ወደ ደቡብ፣ የሸለቆውን መንገድ ተከትሎ ወደ ዶን ቫሊ የጡብ ፋብሪካ መሄድ ይቻላል። ፋብሪካው ከ1889 እስከ 1984 ጡብ ሠርቷል። የሚሠራውም ከዚያው ከተቆፈረው ሼልና ሸክላ አፈር ነበር። ሼሉን ይፈጩታል፤ በውሃ ያቦኩታል፤ ቅርጽ ይሰጡታል፤ ከዚያ በእሳት ይተኩሱታል። ብዙ የቆዩ የቶሮንቶ ሕንፃዎች የቆሙት በዚህ ጡብ ነው። ዛሬ ቦታው ኤቨርግሪን ብሪክ ወርክስ በሚል ስም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የድሮው የድንጋይ ማውጫም ኩሬና መናፈሻ ሆኗል።

እናቴ ይህን ለመረዳት ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ‹ምጣድም እንዲሁ ነው የሚሠራው› አለች። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን እንዴት እንደምትደቁስ፣ እንዴት እንደምታቦካ፣ እንዴት እንደምትተኩስ ለልጄ በእጇ እያሳየች ነገረቻት። ልጄም በእንግሊዝኛ የጀመረችውን ጥያቄ በአማርኛ ጨረሰችው፦ ‹እማማ፣ ምጣድ ሲሰበር ጭቃ ይሆናል?› አይሆንም። አንዴ የተተኮሰ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ሼል ግን ዝናብና ውርጭ ሲፈራረቁበት ተፈርፍሮ ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል።

አምስት ጥያቄዎች

ማታ ቤት ገብተን ሁለቱን ድንጋዮች ለማወዳደር አምስት ጥያቄ አወጣን። እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ እንዴት ተሠራ? ቅልጥ አለት የቀለጠ ነገር ቀዝቅዞ ነው። ደለል አለት የተከማቸ ነገር ጠንክሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀርበን ስናየው ምን ይታያል? በግራናይት የተቆላለፉ ክሪስታሎች ይታያሉ። በሼል ንብር ይታያል። በአሸዋ ድንጋይ ደግሞ የተጣበቁ የአሸዋ ቅንጣቶች ይታያሉ።

ሦስተኛ፣ ቅሪተ አካል ሊኖረው ይችላል? በደለል አለት ውስጥ አዎን። በግራናይት ውስጥ ግን አይጠበቅም፤ ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት ውስጥ ዛጎልም ቅጠልም አይተርፍም።

አራተኛ፣ በሚስማር ሲጫር ምን ይሆናል? ሼል ይጫራል። የግራናይቱ ኳርትዝ ግን አይጫርም፤ እንዲያውም ሚስማሩ የራሱን ብረት ይተውበታል። ነገር ግን ቅልጥ አለት ሁሉ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ፑሚስ የሚባለው ቅልጥ አለት ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

አምስተኛ፣ አቼቶ ሲንጠባጠብበት ይፈላል? አቼቶ ማለት ኮምጣጤ ነው። የኖራ ድንጋይ ትንሽ ተፍቆ አቼቶ ሲነካው አረፋ ይሠራል። ግራናይት አይፈላም። ደለል አለት ሁሉ ግን አይፈላም፤ የሚፈላው ኖራ ያለበት ነው።

ሁለቱ የሚመሳሰሉበትም ነገር አለ። ሁለቱም ከማዕድን የተሠሩ ናቸው። ደግሞም አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ግራናይት በዝናብ፣ በውርጭና በወንዝ ሲፈራርስ አሸዋና ጭቃ ይሆናል፤ ያ አሸዋና ጭቃ ተከማችቶ ደለል አለት ይሆናል። ማንኛቸውም በምድር ውስጥ በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት ሳይቀልጡ ቢለወጡ ሦስተኛ ዓይነት ይሆናሉ፤ እሱም ልውጥ አለት ይባላል። እብነ በረድ ከዚህ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ነበር።

የእናቴ ድንጋዮች

የቤት ሥራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እናቴ ግን ‹እኔስ? እኔም ድንጋይ አውቃለሁ› አለች።

መጀመሪያ ያነሣችው ወፍጮ ነው። ድሮ እህል የሚፈጨው በእጅ ነበር። ትልቁ ድንጋይ ወፍጮ ይባላል፤ ሴቷ በሁለት እጇ ይዛ የምትገፋው ትንሹ ድንጋይ መጅ ይባላል። የእሷ ወፍጮ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ነበር። ልጄ ወዲያው ‹ላቫ!› አለች። ልክ ናት። ላቫ ሲወጣ በውስጡ ጋዝ አለ፤ ጋዙ እያመለጠ ሳለ ድንጋዩ ሲጠነክር ቀዳዳው ይቀራል። ቀዳዳው ድንጋዩን ሻካራ ያደርገዋል፤ ሻካራነቱም እህሉን ይይዛል። ወፍጮው ሲልም፣ ማለትም ሲለሰልስ፣ እንደገና እየጠቀጠቁ ሻካራ ያደርጉታል። ይህ ሥራ ‹መውቀር› ይባላል።

ከዚያ ባልጩትን አነሣች። ባልጩት ጥቁርና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው። በጣም ፈጥኖ የቀዘቀዘ ላቫ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በመልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊትም መሣሪያቸውን ከእሱ ይሠሩ ነበር።

ከውሃ ወገን ደግሞ ኖራንና ጀሶን ታውቃለች። ኖራ ግድግዳ የሚቀባበት ነጭ ነገር ነው፤ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ይገኛል። ጀሶ የተሰበረ እግር የሚታሰርበት ነጭ ነገር ነው፤ የጀሶ ድንጋይ የባሕር ውሃ ሲተን የሚቀር ደለል አለት ነው።

‹ኖራና ጀሶው ከየት ይመጣል?› ብዬ ጠየቅኋት። ‹ከዓባይ በረሃ ነዋ› አለች።

ከላይ ጥቁር፣ ከመሐል ነጭ፣ ከታች ቀይ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ጎሐ ጽዮን ሲደርስ መሬቱ ከፊቱ ይከፈታል። መኪናው እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ዓባይን በድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። እናቴ ይህን መንገድ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችው አታስታውስም። ‹ከላይ ጥቁር ነው። ከመሐል ነጭ ነው። ከታች ቀይ ነው› አለች። ልጄ ወረቀት አምጥታ ገደሉን ሣለችና በሦስት ቀለም ቀባችው።

ቀለሞቹን አያት ሰጠች፤ ስሞቹንና ዕድሜዎቹን ከመጽሐፍ ፈለግን። ከላይ ያለው ጥቁር ባዛልት ነው፤ ቅልጥ አለት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሬት እየተሰነጠቀ እጅግ ብዙ ላቫ ፈሰሰ፤ የኢትዮጵያ ደጋ የተሠራው በዚያ ነው። የሰሜን ተራሮችም የዚያው ሥራ ናቸው። ከመሐል ያለው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ጀሶው አለ። እነዚህ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባሕር ሥራዎች ናቸው። ከታች ወደ ወንዙ ያለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የተከማቸ አሸዋ ነው።

‹ደጀን ባሕር ነበር?› አለች እናቴ። አዎን፣ ከደጀን ሥር ያለው ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር፤ በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ይገኛል። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ ‹እኔ ባሕር ያየሁት ወደዚህ ስመጣ፣ ከአውሮፕላን ላይ ነው› አለች።

ልጄ ሁለተኛ ሥዕል ሣለች፤ የፍሌሚንግደን ፓርክን። እዚህም ከታች የባሕር ጭቃ አለ። ከላይ ከእሳት የመጣ ድንጋይ አለ። ነገር ግን ደጀን ላይ እሳቱ ራሱ መጥቶ ፈሰሰ፤ እዚህ ግን የቀዘቀዘውን ድንጋይ በረዶ ተሸክሞ አመጣው። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። የቤት ሥራዋ የሆነው እሱ ነው።

የተፈለፈለና የቆመ

የኢትዮጵያን ታላላቅ ሥራዎችም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1978 ነው። የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ድንጋይ ነው። በትግራይ በገርዓልታ ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግን የተፈለፈሉት ከአሸዋ ድንጋይ ነው። ሁለቱም ከአለት ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው። አንዱ ግን ከእሳት ወገን፣ ሌላው ከደለል ወገን ነው።

የአክሱም ሐውልቶች ከግራናይት ጋር ዘመድ ከሆነ ቅልጥ አለት የተጠረቡ ናቸው። በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ በ2008 በቦታው ቆመ። ከእሱ የሚበልጠው፣ ወድቆ የተሰባበረው፣ 33 ሜትር ያህል ነበር።

ሁለቱን ወገኖች በአንድ አገር ለማየት አፋር ይበልጣል። እዚያ ኤርታ አሌ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፤ ቅልጥ አለት ዛሬም ይወለድበታል። ከእሱ በስተሰሜን ሰፊ የጨው ሜዳ አለ። የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ ሲተን የቀረው ጨው ነው። ጭቃና አሸዋ ባይሆንም ሳይንስ ከደለል አለት ቤተሰብ ይመድበዋል። ሠራተኞች ጨውን በመጥረቢያ እየፈለጡ ቅርጽ ያወጡለታል፤ ግመልም ተሸክሞ ይወጣል። ያ ጨው አሞሌ ይባላል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር።

እናቴ አሞሌ ሲነሣ ተረት አስታወሰች፦ ‹ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል።› ልጄ ትርጉሙን ስነግራት ተቃወመች። ‹ጨው ቢጣፍጥም ድንጋይ ነው› አለች፤ በአማርኛ።

ለመሄድ ለምትፈልጉ

ከሰፈራችን ወደ ኢ. ቲ. ሲተን ፓርክ በእግር መውረድ ይቻላል። ልጆች የሚያጎላ መነጽር ቢይዙ ጥሩ ነው። ከኤግሊንተን መንገድ ተሻግራችሁ በዊንፎርድ ድራይቭ ያለውን የአጋ ካን ሙዚየም ግድግዳም ተመልከቱ። በ2014 የተከፈተው ይህ ሙዚየም የለበሰው ከብራዚል የመጣ ነጭ ግራናይት ነው፤ ክሪስታሎቹን ቀርቦ ማየት ይቻላል። በፓርክ ያለውን ድንጋይ ተመልክታችሁ እዚያው ተዉት፤ ሥዕል ወይም ፎቶ ይበቃል።

ከመውጣታችሁ በፊት አያት ወይም ወላጅ ጠይቁ። ‹በአገራችሁ ቤት የሚሠራው በምን ድንጋይ ነበር? ወፍጮው ምን ይመስል ነበር? ኖራው ከየት ይመጣ ነበር?› ድንጋዩ ቅልጥ ይሁን ደለል፣ ከሚነግሯችሁ ነገር እናንተ ታውቃላችሁ።

እናቴ በሰኔ መጨረሻ ተመለሰች። በሐምሌ ደወለች። ለወትሮው ስልኩን መጀመሪያ የማነሣው እኔ ነኝ፤ በዚያን ቀን ግን ‹ልጅቱን ስጪኝ› አለች። የጎረቤት ልጅ ከዓባይ በረሃ ነጭ ድንጋይ አምጥቶላት ነበር። በቢላዋ ፍቃ ሎሚ ጨመቀችበት።

‹ፈላ!› አለቻት።

ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ‹ጥቁሩስ? ጥቁሩን ሞከርሽው?› አለቻት። እናቴ ጥቁር ድንጋይ ልታመጣ ወደ ግቢዋ ወጣች፤ እኛም ስልኩን ይዘን ጠበቅን።